ስም፣ መልክ፣ ቋንቋ፦ ሂስፓኒክ የሚባለው ማን ነው?



የዚህ የንባብና የውይይት ምሽት አዘጋጆች ስለ ጎረቤቶቻችን ማንነት ንግግር እንዲደረግ ጋብዘዋል። ጎረቤት የሚለው ቃል በዚህ አዳራሽ ማብራሪያ አይሻም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከኤልሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስና ከቦሊቪያ ከመጡ ሰዎች ጋር በአንድ ሕንፃ ይከራያል፤ በአንድ ሆቴል፣ በአንድ ፓርኪንግ፣ በአንድ ሆስፒታል ይሠራል፤ ልጆቹም ከልጆቻቸው ጋር በአንድ አውቶቡስ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው እነዚህን ጎረቤቶች በጅምላ «ስፓኒሾች» ብሎ ያልፋቸዋል። መንግሥት ደግሞ በቅጹ ላይ «ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ» ይላቸዋል።

የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድን ሰው ሂስፓኒክ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የቤተሰብ ስሙ? መልኩ? ወይስ የሚናገረው ቋንቋ? ሦስቱን በየተራ እናያለን፤ ከዚያም ስያሜው ከየት እንደመጣ እንመረምራለን። የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አስቀድሞ ግን ስምም፣ መልክም፣ ቋንቋም በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ የተገናኙበትን እውነተኛ ታሪክ አድምጡ።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ቦታው በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ የምትገኘው የእርሻ ከተማ ዌስትሚንስተር ነው። ሶሌዳድ ቪዳውሪ የምትባል እናት የራሷን ልጆችና የወንድሟን የጎንዛሎ ሜንዴዝን ልጆች ይዛ ለማስመዝገብ ወደ 17ኛው ጎዳና ትምህርት ቤት ሄደች። የእሷ ልጆች ቆዳቸው ነጣ ያለ ነበር፤ ቪዳውሪ የሚለው ስማቸውም ለመዝጋቢዎቹ ጆሮ የፈረንሳይ ስም መሰለ። ስለዚህ መግባት ይችላሉ ተባለ። የወንድሟ ልጆች ግን ጠየም ያሉ ናቸው፤ ስማቸውም ሜንዴዝ ነው። እነሱ ሁቨር ወደሚባለው የሜክሲኮ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ተነገራት። ሶሌዳድ ይህን ስትሰማ ሁሉንም ልጆች ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የራሷንም አላስመዘገበችም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። አያቶቻቸው አንድ ናቸው፤ በአንድ ማዕድ ይበላሉ። ያን ዕለት የለያቸው አንድ የቤተሰብ ስምና የቆዳ ጥላ ብቻ ነበር።

ጎንዛሎ ሜንዴዝ ነገሩን በዝምታ አላሳለፈውም። እሱ ከሜክሲኮ፣ ባለቤቱ ፌሊሲታስ ከፖርቶ ሪኮ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ የሚያርሱትን መሬት የተከራዩትም በጦርነቱ ምክንያት ወደ ማጎሪያ ካምፕ ከተወሰደ የጃፓን አሜሪካውያን ቤተሰብ ነበር። ጎንዛሎ ቶማስ ኤስትራዳ፣ ዊልያም ጉዝማን፣ ፍራንክ ፓሎሚኖና ሎሬንዞ ራሚሬዝ ከተባሉ አባቶች ጋር ሆኖ በ1945 አራት የትምህርት ወረዳዎችን ከሰሰ። ወረዳዎቹ ልጆቹን የለየናቸው በዘር አይደለም፤ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ይሁንና ልጆች ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀርበው በጥሩ እንግሊዝኛ መሰከሩ። ዳኛው ፖል ማኮርሚክም የቋንቋ ፈተና የተባለው ነገር የጥድፊያና የይስሙላ፣ የማይታመንም እንደነበረ አረጋገጡ። በየካቲት 1946 ለቤተሰቦቹ ፈረዱ፤ በሚያዝያ 1947 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸና። ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው ማኅበር በጠበቃው በቱርጉድ ማርሻል በኩል ቤተሰቦቹን የሚደግፍ ጽሑፍ አስገብቶ ነበር። የካሊፎርኒያው ገዥ ኧርል ዋረንም በዚያው ዓመት የትምህርት ቤት ልዩነትን ይፈቅድ የነበረውን የግዛቱን ሕግ የሚሽረውን አዋጅ ፈረሙ። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1954 የጥቁርና የነጭ ልጆች በትምህርት ቤት መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለውን የብራውን ውሳኔ የሰጠውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመሩት እኚሁ ዋረን ናቸው፤ ክርክሩን ያቀረቡትም እኚሁ ማርሻል። ያኔ ከበር የተመለሰችው የጎንዛሎ ልጅ ሲልቪያ ሜንዴዝ በ2011 ከፕሬዚዳንት ኦባማ እጅ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳሊያ ተቀብላለች።

ይህን ታሪክ ይዘን ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንግባ፤ ወደ ስም።

የስፓኒሽ ስም አወጣጥ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለም። ሮድሪጌዝ ማለት በጥንቱ አጠራር የሮድሪጎ ልጅ፣ ጎንዛሌዝ የጎንዛሎ ልጅ ማለት ነበር። ስሙ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀየረ መሄዱ በዘመናት ቆመና ሮድሪጌዝ እንደ ጸና የቤተሰብ ስም ቀረ። ከዚያ በኋላም ልጅ ሁለት የቤተሰብ ስም ይይዛል፤ አስቀድሞ የአባቱን፣ ቀጥሎ የእናቱን። ኮሎምቢያዊው ደራሲ ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ጋርሲያን ከአባቱ፣ ማርኬዝን ከእናቱ አገኘ። ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። እናንተም አትለውጡም። የአሜሪካ ቅጽ ግን የመጨረሻውን ስም ብቻ ስለሚፈልግ ጋርሲያ ማርኬዝን በእናቱ ስም «ማርኬዝ» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ የእኛን ቤተሰብ ደግሞ አባትን በአያት ስም፣ ልጅን በአባት ስም መዝግቦ የማይዛመዱ ያስመስላቸዋል። ኤርፖርት ላይ ከልጁ ጋር ቆሞ ዝምድናውን ያስረዳ ወላጅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት አይሆንም።

ታዲያ የቤተሰብ ስም ሂስፓኒክን ይለያል? የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ ይለያል ብሎ ያመነበት ጊዜ ነበር። በ1950 እና በ1960 በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያ፣ በኮሎራዶ፣ በኒው ሜክሲኮና በቴክሳስ «የስፓኒሽ ስም ያላቸው ነጮች» የሚል መደብ ነበረው፤ ሠራተኞቹ የስም ዝርዝር ይዘው ይለዩ ነበር። በዚህ መንገድ ስሚዝ የሚባል ሰው ያገባችና ስሙን የወሰደች የሜክሲኮ ልጅ ከቆጠራው ትወጣለች፤ ስፓኒሽ የማይሰማ ሰው በስሙ ብቻ ይገባል።

ትልቁ ማስረጃ ፊሊፒንስ ናት። በ1849 የስፔኑ አገረ ገዥ ናርሲሶ ክላቬሪያ ለቀረጥና ለመዝገብ እንዲያመች ብለው ቤተሰቦች ሁሉ ጸንቶ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አዘዙ። በፊደል ተራ የተዘጋጀ የስም መድበል ለየአውራጃው ተላከ፤ ሕዝቡም ከዚያ ውስጥ ስም ታደለው። ስለዚህ ሳንቶስ ወይም ጋርሲያ የሚባል ፊሊፒናዊ ከስፔን ሰው አንዲት ጠብታ ደም ላይኖረው ይችላል፤ በአሜሪካ ቆጠራም በደንቡ የሚመደበው ከእስያውያን ጋር ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የስፓኒሽ ስም የሌላቸው ሂስፓኒኮች ሞልተዋል። የቺሊ የነጻነት መሪ በርናርዶ ኦሂጊንስ ነው፤ አባቱ አየርላንድ ተወለደ። ፔሩን ከ1990 እስከ 2000 የመሩት አልቤርቶ ፉጂሞሪ የጃፓን ስደተኞች ልጅ ናቸው። የሜክሲኮዋ ተዋናይ ሳልማ ሃየክ የአባቷ ወገን ከሊባኖስ ነው፤ የኤልሳልቫዶሩ ፕሬዚዳንት ናዪብ ቡኬሌ የአባታቸው ወገን ከፍልስጤም። እነዚህን ሰዎች ስማችሁ አይመስልም ብሎ ከላቲን አሜሪካ ታሪክ የሚያወጣቸው ማን ነው?

ስም ግን ምንም አያሳይም ማለት አይደለም። በቴክሳስ ጃክሰን ካውንቲ ፒት ሄርናንዴዝ የተባለ የእርሻ ሠራተኛ በነፍስ ግድያ ተከሶ በጁሪ ተፈረደበት። ጠበቆቹ ጉስ ጋርሲያና ካርሎስ ካዴና አንድ ነገር አነሱ፦ በካውንቲው ለ25 ዓመት የሜክሲኮ ወይም የላቲን አሜሪካ ስም ያለው አንድም ሰው በጁሪ ተቀምጦ አያውቅም። ቴክሳስ ሜክሲኮዎች በሕግ ነጮች ስለሆኑ መድልዎ የለም ብላ ተከራከረች። ነገር ግን እዚያው በፍርድ ቤቱ ግቢ ሁለት የወንዶች መጸዳጃ ነበር፤ አንደኛው ምልክት የሌለው፣ ሁለተኛው ለጥቁር ወንዶች የሚልና በስፓኒሽም ለወንዶች የሚል ጽሑፍ ያለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1954 ለሄርናንዴዝ ወሰነ። እዚህ ላይ የቤተሰብ ስም በደልን መቁጠሪያ ሆኖ አገለገለ። በር መዝጊያ ሲሆን ግን የዌስትሚንስተሩን አየን። ስም ሕዝብን በጅምላ ለመቁጠር ሊረዳ ይችላል፤ ለአንድ ሰው ማንነት ዳኛ መሆን አይችልም።

በጅምላ ሲቆጠር ለምሳሌ፣ በ2010 ቆጠራ ጋርሲያ በአሜሪካ ከስሚዝ፣ ከጆንሰን፣ ከዊልያምስ፣ ከብራውንና ከጆንስ ቀጥሎ ስድስተኛው የተለመደ የቤተሰብ ስም ነበር። ሮድሪጌዝና ማርቲኔዝም ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ ገብተዋል።

ሁለተኛው ነጥብ መልክ ነው።

ብዙ ሰው ሂስፓኒክ ሲባል የሚታየው አንድ ፊት አለ፤ ቡናማ ቆዳ፣ ጥቁር ለስላሳ ጸጉር። የታሪክ መዝገብ ግን ሌላ ይናገራል። ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው አሜሪካ አህጉር በሕይወት ከደረሱት ውስጥ ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ ወደሚባለው ምድር በቀጥታ የመጡት ከ5 በመቶ ያነሱ ናቸው። የቀሩት ወደ ካሪቢያንና ወደ ላቲን አሜሪካ ተጋዙ። ኩባን፣ ፖርቶ ሪኮን፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክን፣ የኮሎምቢያንና የፓናማን ጠረፍ የሚያውቅ ሰው ጥቁር ሂስፓኒክ ሲያይ አይደነግጥም።

አርቱሮ ሾምበርግን እንውሰድ። በ1874 በፖርቶ ሪኮ ሳንቱርሴ ተወለደ። እናቱ ጥቁር፣ የአባቱ ወገን ጀርመናዊ። የጀርመን ስም ያለው፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ ጥቁር ሰው ማለት ነው። በወጣትነቱ ኒው ዮርክ ገባና ዕድሜውን ሙሉ የጥቁር ሕዝብ መጻሕፍት፣ ደብዳቤዎችና ሥዕሎች ሰበሰበ። በ1926 ስብስቡ ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተገዛ፤ ዛሬ በሃርለም በስሙ የሚጠራው የምርምር ማዕከል መሠረት ይኸው ነው። ሾምበርግ ስሙም መልኩም «አይመስልም»፤ ፖርቶ ሪኳዊነቱን ግን ማንም አልሰጠውም፣ ማንም አይነሳውም።

ሮቤርቶ ክሌሜንቴም እንዲሁ። በ1934 በፖርቶ ሪኮ ካሮሊና ተወልዶ ለፒትስበርግ ቤዝቦል የተጫወተው ይህ ጥቁር ስፖርተኛ በመጫወቻ ካርዶች ላይ «ቦብ» እየተባለ ይታተም ነበር፤ እሱ ግን ስሙ ሮቤርቶ መሆኑን መናገር አልተወም። በ1971 ቡድኑ ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን የአሜሪካ ቤዝቦል ሻምፒዮና ሲያሸንፍ በቀጥታ ስርጭት አስቀድሞ በስፓኒሽ ወላጆቹን ምርቃት ጠየቀ። ማይክሮፎን ፊት ቆሞ በእናት በአባት ቋንቋ ምርቃት መለመን ምን ማለት እንደሆነ ይህ አዳራሽ ያውቀዋል። በታኅሣሥ 31 ቀን 1972 በኒካራጓ የመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች እርዳታ ጭኖ ሲበር አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ።

በሌላው ጫፍ ማርጋሪታ ካንሲኖ አለች። አባቷ ከስፔን የመጣ ዳንሰኛ ነው። ሆሊውድ ጸጉሯን ቀለም አስቀባ፣ የግንባሯን ጸጉር በኤሌክትሪክ አስነቀለ፣ ስሟንም ከእናቷ ወገን ወስዶ ሪታ ሄይወርዝ አላት። ያኔ የመላው አሜሪካ ውበት ተባለች። ሰው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጸጉርና ስም ነው።

መንግሥትም ግራ ሲጋባ ኖሯል። የ1930 ቆጠራ «ሜክሲካን» የሚል የዘር መደብ ከፍቶ ነበር፤ ተቃውሞ ስለበዛ በ1940 ተነሣ፤ ሜክሲኮዎችም ወደ ነጭ መደብ ተመለሱ። አንድ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ዘሩ በወረቀት ሁለት ጊዜ ተቀየረለት ማለት ነው። በ2010 ነጭ ብቻ ነን ያሉ ሂስፓኒኮች 26.7 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2020 ወደ 12.6 ሚሊዮን ወረዱ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ዘር አለን ያሉት ደግሞ ከ3 ሚሊዮን ወደ 20.3 ሚሊዮን ወጡ። ይህ የሆነው በዋናነት ቢሮው ጥያቄውን ያቀረበበትንና መልሱን የመደበበትን መንገድ ስለለወጠ ነው። ቆዳ በአሥር ዓመት እንዲህ አይለወጥም።

ሦስተኛውና ለዚህ አዳራሽ ቅርብ የሆነው ነጥብ ቋንቋ ነው።

በምዕራብ ቴክሳስ ማርፋ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ብላክዌል የሚባል፣ የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች ብቻ እስከ 1965 ድረስ ተለይተው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ግቢ ውስጥ ስፓኒሽ መናገር ያስቀጣ ነበር። በ1954 መምህራኑ ልጆቹን ሰበሰቡና ስፓኒሽን በቁራጭ ወረቀት ላይ አስጽፈው፣ ወረቀቶቹን በሳጥን ከትተው፣ ባንዲራው አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍረው የቀብር ሥርዓት አስፈጸሙ። «ሚስተር ስፓኒሽ» ተቀበረ ተባለ። ልጆች የእናታቸውን ቋንቋ በገዛ እጃቸው አፈር እንዲያለብሱ የተደረገበት ቦታ ዛሬ ብሔራዊ የታሪክ ሥፍራ ነው። ይህን የደረሰበት ትውልድ ልጆቹ እንዳይደበደቡ ብሎ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ቢያወራ ማን ይፈርድበታል?

እንዲህም ሆኖ ዛሬ ስፓኒሽ የማይችል የሂስፓኒክ ልጅ ከራሱ ወገን ነቀፋ ይደርስበታል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ ከአሜሪካ ላቲኖ አዋቂዎች ሩብ የሚሆኑት በስፓኒሽ እምብዛም ወይም ጨርሶ መነጋገር አይችሉም፤ በሦስተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ይህ ወደ 65 በመቶ ይደርሳል። ስፓኒሽ ከማይችሉት መካከል ከግማሽ በላይ ሌላ ላቲኖ በዚህ ምክንያት አሳፍሯቸው እንደሚያውቅ ተናግረዋል። በሌላ በኩል 78 በመቶ የሚሆኑት ላቲኖዎች ላቲኖ ለመባል ስፓኒሽ መናገር ግድ አይደለም ይላሉ። አእምሮ የተቀበለውን ምላስ ገና አልተቀበለውም።

ሪቺ ቫሌንስን አስታውሱ፤ በ1958 «ላ ባምባ»ን የዘፈነው ልጅ። እውነተኛ ስሙ ሪቻርድ ቫሌንዙዌላ ነው፤ ዘፈኑን ለገበያ ሲያቀርቡ ስሙ አጠረ። ያደገው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ስፓኒሽ አቀላጥፎ አይናገርም። ሆኖም የሜክሲኮን የሕዝብ ዜማ በሮክ ወደ አሜሪካ ሬዲዮ ያስገባው እሱ ነው። በ17 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ሌላም አለ። ከጓቲማላ ተራሮች የመጡ ብዙ ስደተኞች አፍ የፈቱት በማም ወይም በኪቼ ነው፤ ስፓኒሽ ለእነሱም ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ሆስፒታል የስፓኒሽ አስተርጓሚ ይጠራላቸዋል፤ እነሱ ግን ግማሹን አይሰሙም። የብራዚል ሰዎች ደግሞ ፖርቱጋልኛ ስለሚናገሩ በመንግሥት ትርጉም ሂስፓኒክ አይደሉም። ነገር ግን በ2020 የቆጠራ ቢሮው በአንድ ዓመታዊ ጥናት እንዲህ ያለውን መልስ እንደ ልማዱ ወደ «አይደለም» ማረሙን በስህተት ሳይፈጽም ቀርቶ፣ ቢያንስ 416,000 ብራዚላውያን ራሳቸውን ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ ማለታቸው ታወቀ። መንግሥት አይደላችሁም ይላል፤ እነሱ ነን ይላሉ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጆቻቸው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ሰምተው በእንግሊዝኛ የሚመልሱላቸው ወላጆች አሉ። ቋንቋን ለልጅ ማውረስ ትልቅ ሥራ ነው፤ የቅዳሜ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች ምስጋና ይገባቸዋል። ቋንቋው ያልዘለቀለትን ልጅ «አንተ ሐበሻ አይደለህም» ማለት ግን ሥራው ሳይሆን ጥፋቱ ነው። ያፈረ ልጅ ቋንቋ ለመማር አይቀርብም፤ ይሸሻል።

እንግዲህ ስሙም፣ መልኩም፣ ቋንቋውም ብቻቸውን ካልበቁ ቃሉ ምን ይዞ ቆመ?

«ሂስፓኒክ» የሚለው መደብ በመንግሥት ወረቀት ላይ ዕድሜው አጭር ነው። ቀድሞ በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ አሜሪካውያን፣ በኒው ዮርክ ፖርቶ ሪካውያን፣ በማያሚ ኩባውያን ለየብቻ ይታገሉ ነበር። ከእነሱም ብዙዎቹ ስደተኞች አልነበሩም፤ የኒው ሜክሲኮ ነባር ቤተሰቦች በ1848 በአሜሪካና በሜክሲኮ መካከል የጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ሲፈረም ከአያቶቻቸው ቀዬ ሳይነቃነቁ በአሜሪካ ድንበር ውስጥ ያደሩ ናቸው፤ ፖርቶ ሪካውያንም ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ሦስቱም ማኅበረሰቦች በቂ የቁጥር መረጃ ስለሌላቸው ችግራቸውን ለመንግሥት ማስረዳት ከበዳቸው። በ1976 የካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል ኤድዋርድ ሮይባል ያቀረቡት ሕግ መንግሥት የስፓኒሽ ተወላጆችን መረጃ እንዲሰበስብ አዘዘ። በ1977 መመሪያው ወጣ፦ የሜክሲኮ፣ የፖርቶ ሪኮ፣ የኩባ፣ የማዕከላዊ ወይም የደቡብ አሜሪካ ወይም የሌላ ስፓኒሽ ባህል ተወላጅ የሆነ ሰው ሁሉ፣ ዘሩ ምንም ይሁን ምን። በ1980 ጥያቄው ለሁሉም ሰው ቀረበ፤ 14.6 ሚሊዮን ሰው ነኝ አለ። በ2020 ቁጥሩ 62.1 ሚሊዮን ደረሰ።

ቆጣሪው ስም አይመረምርም፤ ፊት አያይም፤ ቋንቋ አይፈትንም። እንደ ብራዚላውያን ካሉት በቀር፣ ነኝ ያለውን ነህ ብሎ ይጽፋል። አንዳንዶች ይህ ልል ነው ይላሉ፤ ማንም ተነሥቶ ነኝ ቢልስ? ሥጋቱ ይገባል። ማስረጃው የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሰው እየተንጠባጠበ ነው የሚወጣው። ፒው በ2017 እንዳወጣው፣ የሂስፓኒክ ዘር ካላቸው አዋቂዎች መካከል በመጀመሪያው ትውልድ 97 በመቶ ሂስፓኒክ ነን ይላሉ፤ በአራተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ግማሹ ብቻ። የሚያሳስበው ባዕድ ሰርጎ መግባቱ ሳይሆን፣ ስምህ አይመስልም፣ መልክሽ አይመስልም፣ ቋንቋውን አትችሉም እየተባለ የገዛ ልጅ መውጣቱ ነው። ሂስፓኒክነት የጸናው በሁለት ነገር ነው፦ ቤተሰብ ከየት እንደመጣ በሚያስታውሰው ታሪክና ባለቤቱ ያን ታሪክ የእኔ ነው በማለቱ።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ላሳስባችሁ። በ2024 የዘርና የትውልድ መጠይቁ መመሪያ ተሻሽሏል። በአዲሱ የናሙና ቅጽ ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ ከዘር መደቦች ጋር በአንድ ጥያቄ ሥር ቀርቧል፤ ሰውም ከአንድ በላይ መምረጥ ይችላል። ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ ከሚለው መደብ ሥር ደግሞ ከናይጄሪያዊና ከሶማሌያዊ ጋር «ኢትዮጵያዊ» የሚል ሳጥን ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ቅጽ ቤታችሁ ሲደርስ ሳታመነቱ ሙሉት፤ ልጆቻችሁንም ከጎናችሁ አስቀምጡና የአያቶቻቸውን አገር በስሙ እየጠራችሁ ንገሯቸው። ነገ በሥራ ቦታችሁ አጠገባችሁ የምትቆመውን ሴትዮ ደግሞ «ስፓኒሽ ነሽ?» ከማለት ይልቅ ከየት አገር፣ ከየትኛው ከተማ እንደመጣች ጠይቋት። የምትሰጣችሁን መልስ በስሟ፣ በመልኳ ወይም በአነጋገሯ አትመዝኑባት።